«እብድ ነው» ማለት ፍርድ አይደለም

(በዳንግላና በእንጅባራ ለመስጂድ ጀመዓዎች በመግሪብና በዒሻ መካከል ከተሰጠ ትምህርት የተጻፈ)

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላምና እዝነት በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ቃል ነው። በቤትም በገበያም ሳናስብ የምንወረውረው ቃል ነው፤ «እብድ» የሚለው። መስጂድ ላይ ድንጋይ ሲወረወር፣ ሒጃብ የለበሰች እህት መንገድ ላይ ስትመታ፣ የቀብር ቦታችን ሲደፈር፣ አቤት ልንል ስንሄድ ብዙ ጊዜ የምንሰማው መልስ «ተዉት፣ እብድ ነው» የሚል ነው። ፋይሉ በዚህች ቃል ይዘጋል። በሌላ በኩል ደግሞ በእውነት የታመመ ሰው፣ የሚያደርገውን የማያውቅ ምስኪን፣ «ሰላይ ነው፣ ጠላት የላከው ነው» ተብሎ ሲደበደብ አይተናል። አንዱ ቃል ጥፋተኛውን ያስመልጣል። የቃሉ መጥፋት ደግሞ ንጹሑን ያስመታል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቅ። «እብድ ነው» ሲባል መርምሮ ያወቀው ማነው? በእርግጥ ታሞ ከሆነ በእኛ ላይ ያለው ግዴታ ምንድን ነው? ካልታመመ ደግሞ የበሽተኛ ስም የሚሰጠው ለምንድን ነው?

ሸሪዓችን ምን ይላል?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከሦስት ሰዎች ላይ ብዕር መነሣቱን አስተምረውናል፤ እስኪነቃ ከተኛ ሰው፣ እስኪደርስ ከሕፃን፣ አእምሮው እስኪመለስ ከእብድ። ይህን ሐዲስ እኛ መድረሳ ውስጥ ለትንንሽ ልጆች እናስቀራለን። ትርጉሙን ግን ብዙ ትልልቅ ሰዎች ዘንግተነዋል። በአላህ ዘንድ ያልተጻፈበትን ሰው እኛ በዱላ ልንጽፍበት አይገባም።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ ብዕሩ የተነሣው «እብድ ነው» ተብሎ ከተወራለት ሰው ላይ አይደለም። አእምሮውን በእርግጥ ካጣ ሰው ላይ ነው። ማዒዝ የተባለው ሰው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥቶ ወንጀሉን በራሱ አንደበት በተናዘዘ ጊዜ፣ እብደት እንዳለበት ጠይቀውታል፤ ወገኖቹንም ስለ አእምሮው ጠይቀዋል። እንግዲህ አስተውሉ። ሰውየው ራሱ አምኗል። ቢሆንም የአእምሮው ጉዳይ ሳይጣራ ፍርድ አልተሰጠም። ደግሞም «እብድ ሳይሆን አይቀርም» ተብሎ በግምት አልተሰናበተም። ተጠየቀ፣ ተጣራ፣ ከዚያ በኋላ ተፈረደ። የሸሪዓው መንገድ ይህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። አብዛኞቹ የፊቅህ ሊቃውንት አእምሮውን ያጣ ሰው ቢገድል ቂሷስ የለበትም ይላሉ፤ ግን የሟች ደም ከንቱ አይቀርም። ድያው በዐቂላው፣ ማለትም በወገን ዘመዱ ላይ ይወድቃል። ይህ ሕግ ትልቅ ትምህርት አለው። የታመመው ሰው አይጠየቅም፤ በዙሪያው ያለነው ግን እንጠየቃለን። ሳይታከም የተውነው፣ ጎዳና ላይ የጣልነው፣ ሲብስበት እያየን ዝም ያልነው እኛ ነን።

«እብድ» የሚለው ቃል መሣሪያ ሆኖ እንደሚያገለግልም ቁርኣናችን አስቀድሞ ነግሮናል። የመካ ቁረይሾች ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) «መጅኑን» ብለዋቸዋል፤ አላህም በሱረቱል ቀለም ይህን ስም ከነቢዩ ላይ አንሥቷል። ቁረይሾች ይህን ያሉት በሽታ አይተው አልነበረም። መልስ ያጡለትን እውነት በስድብ ሊሸፍኑ ፈልገው ነው። ይህ ዘዴ እስከ እኛ ዘመን ዘልቋል። በሶቪየት ኅብረት ጊዜ መንግሥትን የተቃወሙ ሰዎች «አእምሯቸው ታሟል» እየተባሉ ሆስፒታል ውስጥ ይታጎሩ ነበር። ስለዚህ ይህ ቃል ሦስት ስለት አለው፤ ጥፋተኛን ያስመልጣል፣ ሕመምተኛን ያዋርዳል፣ እውነት ተናጋሪን ዝም ያሰኛል።

የሀገሪቱ ሕግስ?

ሕጋችንም በዚህ ጉዳይ ግልጽ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 48 ድርጊቱን በፈጸመበት ጊዜ በሕመም ምክንያት የድርጊቱን ምንነትና ውጤት ሊረዳ ያልቻለ፣ ወይም ራሱን ሊቆጣጠር ያልቻለ ሰው በወንጀል ኃላፊ እንዳይሆን ይደነግጋል። አንቀጽ 49 ደግሞ በከፊል ኃላፊ ስለሚሆን ሰው ነው፤ ቅጣቱ ይቀልለታል እንጂ ነጻ አይወጣም። ጥርጣሬ ሲኖር ደግሞ በአንቀጽ 51 መሠረት ፍርድ ቤቱ የባለሙያ ማስረጃ እንዲያስቀርብ ታዟል። ኃላፊነት የለበትም የተባለውን ሰውም ሕጉ ዝም ብሎ አያሰናብተውም፤ ከአንቀጽ 129 ጀምሮ ስለ ሕክምናና አደገኛ ሆኖ ከተገኘም በተገቢ ተቋም ስለማቆየት ይናገራል።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንረዳለን? «እብድ ነው» ብሎ መወሰን የፖሊስ ጣቢያ በር ላይ የሚያልቅ ነገር አይደለም። የቀበሌ ሰው አይወስነውም፣ የአጥፊው ዘመድ አይወስነውም፣ እኛም አንወስነውም። ሐኪም ይመረምራል፤ ዳኛ ይወስናል። ጠጥቶ የመጣ ሰውም «አላወቀም፣ ሰክሮ ነበር» ሲባል እንሰማለን። ወንጀል ለመሥራት ብሎ ሆን ብሎ ራሱን ያሰከረ ሰው በአንቀጽ 50 መሠረት ከኃላፊነት አያመልጥም። አረቄ ጠጥቶ ድፍረት ያገኘ ሰው ታማሚ አይባልም።

ጥላቻ በሽታ አይደለም

የአራተኛው ኸሊፋ የዐሊይ (ረ.ዐ) ገዳይ ኢብን ሙልጀም እብድ አልነበረም። ቁርኣን ያነባል፣ ይሰግዳል። ኸዋሪጆች ያስተማሩትን የጥላቻ አስተሳሰብ ይዞ፣ አቅዶ፣ ሰይፉን መርዝ አጠጥቶ፣ ቀን ጠብቆ፣ በ40ኛው ዓመተ ሂጅራ በኩፋ መስጂድ መታቸው። ታሪክ ጸሐፊዎቻችን «ያበደ ሰው ነበር» ብለው አላለፉትም። ሐሳቡን ከነምንጩ ጽፈው አስተላለፉልን፤ ምክንያቱም በሽታ ነው ብለን ካለፍነው ከእሱ የምንማረው አይኖርም።

ወደ ሀገራችን እንምጣ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 በጎረቤታችን በምሥራቅ ጎጃም ሞጣ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በቤተ ክርስቲያን ላይ እሳት ተነሣ የሚል ወሬ ከተሰራጨ በኋላ መስጂዶች ተቃጠሉ፣ የሙስሊሞች ሱቆች ተዘረፉ፣ ነደዱ። በዚያን ሰሞን «ሕዝቡ አብዶ ነበር፣ ስሜታዊ ወጣቶች ናቸው» ሲባል ሰማን። ወንድሞቼ፣ እብድ ሱቅ መርጦ አያቃጥልም። በተደረደሩ ሱቆች መካከል የሙስሊሙን ለይቶ የሚያቃጥል ሰው አእምሮው በደንብ ይሠራል። ማን የማን እንደሆነ ያውቃል፤ የትኛውን ማለፍ የትኛውን መስበር እንዳለበት ያውቃል። የተበላሸው ልቡ ነው፤ ያበላሸውም ሲነገረው የኖረው ነገር ነው።

ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ደግሞ በጎንደር የሼኽ ከማል ለጋስን ጀናዛ ሊቀብሩ በሐጂ ኤልያስ መካነ መቃብር የተሰበሰቡ ሙስሊሞች ተገደሉ። ከ20 በላይ ወገኖቻችን በዚያ ሁከት ሕይወታቸው አለፈ፤ መስጂዶችና ንብረት ወደሙ። ይህም የሕመም ሥራ አልነበረም። በሽታ እንዲህ ተደራጅቶ ከሰፈር ሰፈር አይዞርም።

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር ሐምሌ 22 ቀን 2011 በኖርዌይ አንደርሽ ብሬይቪክ የሚባል ሰው በኦስሎ ቦምብ አፈንድቶ፣ በአንድ ደሴት ላይ ለስብሰባ የወጡ ወጣቶችን በጥይት ፈጅቶ፣ በድምሩ 77 ሰው ገደለ። ምክንያቱን ራሱ በጽሑፍ ዘርዝሮታል፤ የእስልምና ጥላቻና «ሙስሊሞችን ሀገራችን አስገቡ» በሚላቸው ወገኖቹ ላይ ያለው ቂም ነበር። መጀመሪያ የመረመሩት ሁለት ሐኪሞች ጽኑ የአእምሮ ሕመም አለበት አሉ። ብዙ ሰው አልተዋጠለትም። ፍርድ ቤቱ ሌሎች ሁለት ሐኪሞች ሾመ፤ እነርሱም ጤነኛ ነው አሉ። በመጨረሻም ነሐሴ 24 ቀን 2012 ዳኞቹ ጤነኛ ሆኖ ያደረገው መሆኑን ወስነው 21 ዓመት፣ አደገኛነቱ ካልቀረም ሊራዘም በሚችል እስራት ቀጡት። ከዚህ የምንወስደው ምንድን ነው? ሐኪምም ሊሳሳት ይችላል፤ ስለዚህ ምርመራው በአደባባይ፣ በማስረጃ፣ ተከራክሮ መሆን አለበት። ሰው ሁሉ በሚሰማው ችሎት ስለተጣራ ነው ጥላቻው በስሙ የተጠራው።

እዚህ ላይ አንድ አድልዎ አለ፤ ሳልጠቅሰው አላልፍም። ሙስሊም አጥፍቶ ሲገኝ «አሸባሪ» ይባላል፤ ሃይማኖቱ ከስሙ ይቀድማል። በሙስሊም ላይ ጥፋት የሠራ ሲሆን «የአእምሮ ችግር ያለበት ግለሰብ» ይባላል። እኛ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ከ2004 ጀምሮ በየመስጂዱ በሰላም «ድምፃችን ይሰማ» ባልን ጊዜ ምን እንደተደረገብን አንረሳም። መጅሊሳችን በነጻ ምርጫ ይመረጥ፣ አሕባሽ በግድ አይጫንብን፣ አወሊያ በገለልተኛ ቦርድ ይተዳደር ያሉ ሰዎች በ2005 በቴሌቪዥን «ጅሃዳዊ ሐረካት» በሚል ፊልም እንደ አሸባሪ ታዩ። በ2007 የኮሚቴው አባላት እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። እጁ ላይ ነጭ ጨርቅ እንጂ ድንጋይ ያልያዘ ሕዝብ ስም ተሰጠው። ስም የሚሰጠው በማስረጃ ሳይሆን በማንነት ሲሆን ዙልም ይባላል።

የታመመውን ደግሞ ጠላት አናድርገው

አሁን ወደ ሌላው ጎን እንዙር፤ ይህኛው ለእኛ ይከብዳል። ተበዳይ ስንሆን ሁሉንም ነገር በሴራ የመተርጎም ፈተና ይመጣብናል። የሚጮኽ ሰው ሁሉ የተላከ ይመስለናል።

በዚያው በ2011 በፈረንጆች፣ በጥር ወር፣ አሜሪካ ውስጥ በአሪዞና ግዛት አንድ ወጣት የሕዝብ እንደራሴ የሆነችውን ጋብሪኤል ጊፈርድስን ጭንቅላቷን መትቶ አቆሰለ፤ 6 ሰዎች ገደለ። ሀገሩ ሁሉ በፖለቲካ ጥላቻ ተካሮ ስለነበር አንዱ ወገን ወዲያው ሌላውን ከሰሰ። ኋላ ሲመረመር ወጣቱ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለበት፣ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ምልክቱ ሲታይበት የቆየ፣ ግን ያልታከመ ሆኖ ተገኘ። ለፍርድ እንዲቆም እንኳን መጀመሪያ በመድኃኒት መታከም ነበረበት። እንግዲህ በአንድ ዓመት ሁለት ነገር ታየ፤ በኖርዌይ ጥላቻን በሽታ ሊሉት ነበር፣ በአሜሪካ በሽታን የፖለቲካ ጥላቻ ብቻ ሊያደርጉት ነበር። ሁለቱንም ያረመው ትዕግሥትና ምርመራ ነው።

በእኛ ሀገር ግን ትዕግሥት ሳይኖር ሲቀር ምን ይሆናል? ነሐሴ 6 ቀን 2010 በሻሸመኔ «ቦምብ ይዟል» በሚል ወሬ አንድ ሰው በሕዝብ ፊት ተገድሎ ተሰቀለ። በጥቅምት 2011 ደግሞ ከዳንግላ ብዙ በማትርቀው፣ በምዕራብ ጎጃም አዲስ ዓለም በተባለች ከተማ፣ ለጥናት የመጡ ሁለት ተመራማሪዎች «ልጆቻችንን ሊመርዙ ነው» በሚል ወሬ በሕዝብ ተደብድበው ሞቱ። እነዚህ የተማሩ፣ መታወቂያ ያላቸው፣ ስለ ራሳቸው ማስረዳት የሚችሉ ሰዎች ነበሩ። ይህ ከደረሰባቸው፣ ስሙን ሲጠየቅ የማይመልስ፣ ብቻውን የሚያወራ፣ ኬላ ላይ «ቁም» ሲሉት የማይቆም ሕመምተኛ ምን ይደርስበታል? ከሐምሌ 2015 ወዲህ በክልላችን ጦርነት አለ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ለታመመ ሰው ጎዳና የሞት ቦታ ነው።

አላህ በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ፣ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን እንዳንጸጸት አዞናል። ከጥርጣሬ እንድንርቅም በዚያው ሱራ አዞናል። ይህ ትእዛዝ ስለ ሙስሊም ብቻ አይደለም፤ ስለ ማንኛውም ሰው ነው።

ወገኖቼ፣ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ከሚመታው ይልቅ የሚመታው ይበዛል። ቡታጅራ ላይ ተመራማሪዎች ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለ10 ዓመት ተከታትለው ነበር፤ ከሌላው ሰው 30 ዓመት ያህል ቀድመው እንደሚሞቱ አረጋገጡ። ሠላሳ ዓመት! የሚገድላቸውም በአብዛኛው ሊታከም የሚችል ሕመም፣ ችግርና ጉዳት ነው። አደጋ ናቸው ብለን የምንሸሻቸው ሰዎች እነርሱ ናቸው በአደጋ ውስጥ ያሉት።

ራሳችንንም እንጠይቅ። ከመድረሳ ሲወጡ የታመመ ሰው ተከትለው ድንጋይ የሚወረውሩ ልጆች የማን ናቸው? የእኛ ናቸው። ጠዋት ሐዲሱን አስቀርተናቸው ከሰዓት በኋላ ድንጋይ ሲያነሡ ዝም ካልን ትምህርቱ ከምላስ አልወረደም። ጓሮ ውስጥ በሰንሰለት የታሰረ ወንድም ያለበት ቤትስ የለም? «ጅን ነው» ብለን ሐኪም ሳናሳይ ዓመታት ያስቆጠርንስ?

ሩቅያ ሐቅ ነው። ዱዓ ሐቅ ነው። ነገር ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መድኃኒት የሌለው በሽታ እንዳልወረደ ነግረው እንድንታከም አዘውናል። የምትወድቅ ጥቁር ሴት ወደ እርሳቸው መጥታ ሕመሟን በነገረቻቸው ጊዜ አላዋረዷትም፤ ስትወድቅ ገላዋ እንዳይገለጥ ዱዓ አደረጉላት፤ የሕመምተኛዋን ክብር ጠበቁ። የእኛ ቀደምቶች ሰንሰለት ሳይሆን ሆስፒታል ሠርተዋል። በደማስቆ ኑረዲን በ1154፣ በካይሮ ቀላውን በ1284፣ በሐለብ አርጉን በ1354 ባሠሯቸው ቢማሪስታኖች አእምሯቸው የታመመ ሰዎች ይታከሙ ነበር። አቡ ዘይድ አልበልኺ ከሺህ ዓመት በፊት ሥጋ እንደሚታመም ሁሉ ነፍስም ትታመማለች፣ ለሁለቱም ሕክምና አለ ብሎ መጽሐፍ ጽፏል። ይህ ታሪክ የኛ ነው፤ እኛ ግን ረሳነው።

የእብድ ገላጋይ

አበው «የእብድ ገላጋይ ድንጋይ ያቀብላል» ይላሉ። የዛሬ ትምህርቴ ልብ ያለው እዚህ ነው።

የታመመ አእምሮ ፍርሃቱን ከራሱ ብቻ አይፈጥረውም። በዙሪያው ከሚሰማው ይወስዳል። ሰዎች ስለ መንፈስ በሚያወሩበት ሀገር መንፈስ ያሳድደኛል ይላል፤ ስለ ሰላይ በሚያወሩበት ሀገር ሰላይ ያሳድደኛል ይላል። እንግዲህ ቀን ከሌት በስልኩ «ሙስሊሞች ሊያጠፉህ ነው» ወይም «ክርስቲያኖች ሊያጠፉህ ነው» ሲባል የሚውል የታመመ ወጣት አንድ ቀን ተነሥቶ ጎረቤቱን ቢወጋ፣ እጁ የማን ነው? አሳቡስ የማን ነው? ሕመሙ የእርሱ ነው፤ ድንጋዩን ያቀበለው ግን ሌላ ነው።

የፊቅህ ሊቃውንት ይህን አስቀድመው አይተውታል። መለየት የማይችልን ሰው፣ ሕፃን ወይም እብድ፣ አዝዞ ያስገደለ ሰው ገዳዩ እርሱ ነው፣ የታዘዘው እንደ መሣሪያ ነው ያሉ አሉ። ስለዚህ አንድ አጥቂ በእርግጥ ታማሚ ሆኖ ቢገኝ እንኳን ጉዳዩ አያልቅም። ማን አነሣሳው? ማን ሰበከው? ማን ጽፎ አሰራጨ? የሚል ጥያቄ ይቀራል። ለዚህም ሕግ አለ፤ የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወጥቷል፤ የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 492 የሃይማኖት ሰላምን የሚያውኩትን ይቀጣል። የጎደለው ሕጉን በሁሉም ላይ እኩል መሥራት ነው።

ይህን ስል ደግሞ የራሳችንን እጅ አልደብቅም። በጎንደር ያ ግፍ በተፈጸመ በሁለት ቀኑ፣ ሚያዝያ 20፣ በስልጤ ወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። የጎንደርን ገዳይ በወራቤ ጎረቤት ላይ መበቀል ከየትኛው ኪታብ የተገኘ ነው? ዑመር (ረ.ዐ) በፈጅር ሰላት ላይ በተወጉ ጊዜ ልጃቸው ዑበይዱላህ በቁጣ ተነሥቶ የወጋውን ሰው ወዳጆች ገደለ። የኸሊፋው ልጅ ስለሆነ፣ ሐዘንተኛ ስለሆነ፣ «አብዶ ነው» ተብሎ አልታለፈለትም። ሶሓቦች ወንጀል ነው አሉ፤ ዑስማን (ረ.ዐ) የሟቹን ድያ ከገንዘባቸው ከፈሉ። ዐሊይም (ረ.ዐ) ከሞት አልጋቸው ላይ ሆነው ለልጆቻቸው ከገዳያቸው በቀር ሌላ ሰው እንዳይነኩ፣ እርሱንም እንዳያሰቃዩ አዝዘዋል። ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያርቀን በሱረቱል ማኢዳ የታዘዝን ሕዝብ ነን። ሐዘን በቀልን አይፈቅድም።

የጦርነቱ ቁስል

በዞናችን ያለውን አንድ ነገር ጨምሬ ወደ መጨረሻው ልሂድ። በ2013 ከመተከል የተፈናቀሉ ወገኖች በብዙ ሺህ ሆነው በቻግኒ ራንች መጠለያ ሰፍረው ነበር። ሰው ሲታረድ ያዩ ሕፃናት ነበሩባቸው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የተኩስ ድምፅ ሳይሰማ የሚያድርበት ሌሊት ያነሰባቸው ቦታዎች አሉ። እንቅልፍ ያጣ፣ ሲነኩት የሚደነግጥ፣ ድንገት የሚቆጣ፣ ከሰው የሚሸሽ ልጅ በየቤታችን አለ። ይህ ልጅ ባለጌ አይደለም፤ ጅንም ላይኖርበት ይችላል። ቆስሏል። ቁስሉ ካልታከመና ጥላቻ የሚሰብከው ሰው ቀድሞ ካገኘው፣ ነገ ድንጋይ የሚያነሣው እርሱ ነው። በሙስሊሙም ቤት በክርስቲያኑም ቤት እውነቱ ይኸው ነው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ጥቃት ሲደርስብን እንመዝግብ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ያየውን ምስክር፣ የተነገረውን ቃል እንጻፍ። «እብድ ነው» ከተባለም የሐኪም ምርመራና የፍርድ ቤት ውሳኔ በጽሑፍ እንጠይቅ። ያለዚያ አቤቱታችንን አናነሣም። ይህን የምንጠይቀው በሰላም፣ በአንድነት፣ በየሽማግሌዎቻችን በኩል ነው።

ሁለተኛ፣ ምርመራው በእርግጥ ሕመም ነው ካለ እንቀበል። ሰውየው እንዲታከም፣ ቤተሰቡም እንዲታገዝ እንጠይቅ። የበደለንን ሕመምተኛ ማሳከም ከተቻለን ራሳችን አዋጥተን እናሳክመው። ከዚህ የበለጠ ዳዕዋ የለም።

ሦስተኛ፣ በየቤታችን ያለውን በሽተኛ እናውጣ። ለብዙ ሌሊት እንቅልፍ ያጣ፣ የሌለ ድምፅ የሚሰማ፣ ምግቤን መረዛችሁብኝ የሚል፣ ሰላቱንና ንጽሕናውን ድንገት የተወ፣ የሚወድቅ ሰው ካለ ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ከዚያም በባሕር ዳር ወደ ፈለገ ሕይወት ይላካል፤ ሲከብድ በአዲስ አበባ ለረጅም ዘመን የሀገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ የኖረው አማኑኤል አለ። የተጀመረ መድኃኒት ተሻለኝ ተብሎ ያለ ሐኪም ምክር አይቋረጥ። ሩቅያ የሚያነብ ሰው ኪኒን አያስጥል። የትራንስፖርት ገንዘብ ላጣ ቤተሰብ ከመስጂድ ሰደቃ ይመደብ።

አራተኛ፣ ወሬ ስናገኝ እናጣራ። ያልተጣራ ፎቶ፣ የድምፅ መልእክት፣ «እዚህ ቦታ ሙስሊም ታረደ» የሚል ጽሑፍ አናስተላልፍ። አንተ የላክኸው ቃል የታመመ ሰው ጆሮ ሊገባ እንደሚችል አስብ።

አምስተኛ፣ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር እንነጋገር። በአዊ ቁጥራችን ጥቂት ነው፤ ከፋግታ ለኮማ እስከ ጓንጓ በአንድ ገበያ እንገበያያለን፣ በሐዘን እንደራረሳለን። የታመመው የሁላችንም ነው። ጎዳና ላይ ያለን በሽተኛ ለማሳከም ሼኹና ቄሱ አብረው ቢቆሙ፣ ለወሬ አቀባይ መንገዱ ይጠብበታል።

ከመንግሥት የምንጠይቀውም ይኸው ነው፤ ጥቃት ሲፈጸም የአጥቂውም የአነሣሹም ጉዳይ በእኩል ይመርመር፣ ውጤቱ ለሕዝብ ይነገር፣ በዞናችን ላሉ ሆስፒታሎች የአእምሮ ባለሙያና መድኃኒት ይሟላ። ከመጅሊሳችንም የምንጠይቀው አለ፤ ኢማሞች ስለ አእምሮ ሕመም ሥልጠና ያግኙ፣ ለተጠቂዎች ጠበቃ ይቁም።

አባቶቼና እናቶቼ፣ ፍትሕ ማለት እያንዳንዱን ነገር በትክክለኛ ስሙ መጥራት ነው። ጥላቻን ጥላቻ እንበል፤ ተጠያቂ ይኑረው። ሕመምን ሕመም እንበል፤ ሐኪም ይኑረው። ሁለቱ ሲደባለቁ የሞተው ፍትሕ አያገኝም፣ የታመመውም ሕክምና አያገኝም።

አላህ ሆይ፣ የታመሙትን ማር፣ ፈውሳቸው። በሞጣ፣ በጎንደርና በሀገሪቱ ሁሉ በግፍ የሞቱትን እዘንላቸው፤ ለቤተሰቦቻቸው ሰብር ስጥ። ልባችንን ከጥላቻ፣ አእምሯችንን ከሕመም፣ እጃችንን ከንጹሕ ደም ጠብቅልን። ለሀገራችን ሰላም አውርድልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።